የገብስ ዘር፣ የእናት ዘር

የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮሞሮስ ጎዳና ላይ አንድ ግቢ አለ። በታክሲ ስናልፍ ብዙዎቻችን ዞር ብለን እንኳን አናየውም። ግቢው ውስጥ፣ ከዜሮ በታች በሚቀዘቅዙ ክፍሎች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዘር ናሙናዎች ታሽገው ተቀምጠዋል፤ ገብስ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ኑግ፣ ሽምብራ። የመሥሪያ ቤቱ የዛሬ ስም የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ብዙ ሰው ግን “ጂን ባንክ” ብሎ ነው የሚያውቀው። የተቋቋመው በ1976 በጀርመን ድጋፍ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ግን ስለ ካንሰር ነው። በተለይ ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፉ ለጡት ካንሰርና ለኦቫሪ፣ ማለትም ለሴቷ እንቁላል ማምረቻ፣ ካንሰር ስለሚያጋልጡ የዘረ መል ለውጦች፣ እነሱን አስቀድሞ ስለሚያሳየው ምርመራ፣ እና ይህ ምርመራ ለእኛ ሰፈር ሴት ምን ሊያደርግላት እንደሚችል። ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ታዲያ ለምን ከገብስ ጀመርክ ብትሉኝ፣ መልሴ አጭር ነው። “ከእነዚህ ሁሉ መካከል የትኛው ነው ያንን ጂን የተሸከመው?” የሚለው ጥያቄ ለእናቶቻችን ከመቅረቡ ከአርባ ዓመት በፊት ለገብሳችን ቀርቦ ነበር። ያኔ የሆነው ነገር ዛሬ ስለሚሆነው ብዙ ይነግረናል።

ገብሱ ቀድሞ ተመረመረ

በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ገብሳቸው ቢጫ እየሆነ፣ እየቀጨጨ አስቸገራቸው። በሽታውን የሚያመጣው ክሽክሽ እያዞረ የሚያዛምተው ቫይረስ ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ 6,689 ዓይነት ገብስ ዘርተው የትኛው እንደሚቋቋም አዩ። 117ቱ ብቻ ቻሉት። ከ117ቱ ውስጥ 113ቱ የኢትዮጵያ ነበሩ።

ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ከ117 ውስጥ 113።

ያ የመቋቋም ኃይል በኋላ “ዋይዲ 2” የሚል ስም በተሰጠው ጂን ላይ ተገኘ፤ በማዳቀልም ወደ ካሊፎርኒያ ገብስ ገባ። እዚያ ላሉ አምራቾች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አተረፈ። ለኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ግን ክፈሉ የሚል ሕግ በጊዜው አልነበረም። ዘር “የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት” ተብሎ የሚወሰድበት ዘመን ነው። አገሮች በብዝኀ ሕይወታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት አላቸው የሚል ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጣው በ1992 ነው።

ገብሳችን ያን ሁሉ ልዩነት ከየት አመጣው? ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ያስገረመው ይኸው ነው። እንደ እንጦጦ ጀርባ ባለ ብርዳማ ደጋ ላይ ገበሬው አንድ ወጥ ዘር አይዘራም። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ ገብስ አንድ ማሳ ላይ ይደባልቃል። ዋግ ቢመታ አንዱ ይተርፋል፣ ውርጭ ቢመታ ሌላው። ኋላ ላይ የጂን ባንኩን ከ1979 እስከ 1993 የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ሥራቸውን በዚህ የገበሬ ዕውቀት ላይ ነው ያቆሙት። በ1984ቱ ረሃብ፣ ሰው የዘር እህሉን ሊበላ ሲገደድ፣ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ዘር ለማትረፍ ወጡ። በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ።

እንግዲህ “የጂን ምርመራ” ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው። ብዙ ናሙና ትሰበስባለህ፣ የትኛው ምን እንደተሸከመ ታያለህ፣ ከዚያ ያገኘኸውን ትጠቀምበታለህ። ጥያቄው ሁልጊዜ “ማን ይጠቀማል?” ላይ ነው የሚያርፈው።

“በዘራቸው አለ”

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፦ ዘር። የሚዘራውም ዘር ነው፣ የሚወለደውም ዘር ነው። ዘረ መል የሚለው የመጽሐፍ ቃል ራሱ ከዚያው የተወለደ ነው። ስለ አንድ ቤተሰብ “በዘራቸው አለ” ከተባለ ማብራሪያ አያስፈልግም። አማራ አገር ትዳር ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሚቆጠረው ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ነው፣ ግን በዚያው ቤተሰቡ ውስጥ ምን እንዳለም ይጠየቃል። ቁምጥና አለ? የሚጥል በሽታስ? ቁምጥና በዘር እንደማይተላለፍ ሳይንስ ካወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሽማግሌዎቹ ጥያቄ ግን ወዲያው አልቆመም። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ካንሰር በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ እንደሚመላለስ የታወቀውም በመጀመሪያ በቤተሰብ ወሬ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1866 የሚስቱን ዘመዶች የዘር ሐረግ ጽፎ የጡት ካንሰር በበርካታ ትውልዶች ሴቶቹን ሲፈጅ እንደኖረ አሳየ። በ1895 ደግሞ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ አልድሬድ ዋርቲን ለሚባል ሐኪም “እኔም በወጣትነቴ በካንሰር መሞቴ አይቀርም፣ በቤተሰባችን ሁሉም የሚሞተው በሱ ነው” የሚል ሐሳብ ነገረችው። ልጅቷ እንዳለችውም በማኅፀን ካንሰር ሞተች። ዋርቲን የቤተሰቡን ታሪክ በ1913 አሳተመ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ የተበላሸው ጂን በስሙ የታወቀው ግን በ2000 ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ የምታውቀውን ነገር ሳይንስ በፊደል እስኪያነበው መቶ ዓመት ፈጀበት።

ከክሮሞሶም 17 ላይ

ሜሪ ክሌር ኪንግ የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምረው አንድ ሐሳብ ይዘው ነበር፤ በአንዳንድ ቤተሰቦች የጡት ካንሰርን የሚያመጣው አንድ፣ ከወላጅ የሚወረስ ጂን ነው የሚል። ብዙ ባለሙያ አላመናቸውም። በጊዜው ብዙው ዓይን ያረፈው ቫይረስ ላይ ነበር፤ ሌሎች ደግሞ ካንሰር በአንድ ጂን የሚገለጽ ቀላል በሽታ አይደለም ይሉ ነበር። ኪንግ 23 ቤተሰቦችን፣ በውስጣቸውም 146 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን አጠኑ። በ1990 ጂኑ ክሮሞሶም 17 ላይ የት አካባቢ እንደተቀመጠ አሳዩ።

አድራሻው ከታወቀ በኋላ ሩጫ ተጀመረ። በ1994 ማርክ ስኮልኒክ የሚመራው የዩታ ቡድን ጂኑን ራሱን አገኘው፤ ብራካ 1 ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ክሮሞሶም 13 ላይ ያለው ብራካ 2 ተከተለ። ዩታ እንዲቀድም ከረዱት ነገሮች አንዱ የሚገርም ነው። እዚያ የሚኖሩት ሞርሞኖች በሃይማኖታቸው ምክንያት የዘር ሐረጋቸውን ለብዙ ትውልድ ወደኋላ እየጻፉ የሚያስቀምጡ ሕዝብ ናቸው። በእኛ ቋንቋ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ በዚያ ላይ በወረቀት አስፍረውታል።

አሁን እነዚህ ጂኖች ምን እንደሚሠሩ ላስረዳ። ኮድ ለምትጽፉ ሰዎች ቀላል ነው፤ ለማትጽፉትም አይከብድም። እያንዳንዱ ሴላችን ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት ያሉት ዲኤንኤ አለ፤ አንዱ ቅጂ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ይህ ጽሑፍ በየቀኑ ይበላሻል፤ አንዳንዴ ሁለቱም ክሮች አንድ ላይ ይበጠሳሉ። ብራካ 1 እና ብራካ 2 ይህን ብጣሽ ጤነኛውን ቅጂ እያዩ በትክክል ከሚጠግኑት ፕሮቲኖች መካከል ናቸው። ራሳቸው ካንሰር የሚያመጡ ጂኖች አይደሉም፤ ሥራቸው ጥገና ነው። ችግሩ የሚመጣው ጠጋኙ ሲጠፋ ነው።

አንዲት ሴት ከእናቷ ወይም ከአባቷ የተበላሸ ብራካ 1 ብትወርስ፣ ሁለተኛው ቅጂ ስላለ ዕድሜዋን ሁሉ ጤነኛ ሆና ልትኖር ትችላለች። ሲስተሙ በአንድ ሰርቨር ይሠራል፣ መጠባበቂያ ግን የለውም። ከሚሊዮኖቹ የጡት ሴሎች በአንዷ ውስጥ ሁለተኛውም ቅጂ ቢበላሽ፣ በዚያች ሴል ስህተት እየተጠራቀመ ይሄዳል። በ2017 የታተመ፣ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንደሚለው፣ የተበላሸ ብራካ 1 የተሸከመች ሴት እስከ 80 ዓመቷ የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 72 በመቶ፣ የኦቫሪ ካንሰር 44 በመቶ ነው። ለብራካ 2 ቁጥሮቹ 69 እና 17 በመቶ ናቸው። ለማነጻጸር፣ አሜሪካ ውስጥ የጡት ካንሰር በዕድሜ ዘመን የሚይዘው ከስምንት ሴት አንዷን ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህ ጋ ይሰመርበት። ከጡት ካንሰር ሁሉ በዘር የሚመጣው ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር ገደማ ነው። እናቱ የታመመች ሰው ሁሉ ጂኑን ተሸክሟል ማለት አይደለም።

ጂን የማን ንብረት ነው?

የዩታው ቡድን ያቋቋመው ሚሪያድ የሚባል ኩባንያ በሁለቱ ጂኖች ላይ ፓተንት አወጣ። አዎ፣ በሰው ሰውነት ውስጥ ባለ ጂን ላይ። ለዓመታት አሜሪካ ውስጥ ምርመራውን ማድረግ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ ዋጋውም ከ3,000 ዶላር በላይ ወጣ። በግንቦት 2013 አንጀሊና ጆሊ የተበላሸ ብራካ 1 እንዳላት፣ እናቷን በ56 ዓመታቸው በካንሰር እንዳጣች፣ ሁለቱን ጡቶቿን በቀዶ ሕክምና እንዳስወገደች ጽፋ ዓለም ሁሉ ስለ ብራካ ሰማ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሰኔ 13 ቀን 2013፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ ወሰኑ፦ ተፈጥሮ የሠራችውን ዲኤንኤ ከሴል ስላወጣኸው ብቻ ፓተንት አታገኝበትም። ሌሎች ላቦራቶሪዎች በዚያው ቀን ገበያ ውስጥ መግባታቸውን አሳወቁ። ዛሬ ይህን ምርመራ 250 ዶላር ገደማ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ።

ለኢትዮጵያዊ ይህ ታሪክ አዲስ መምሰል የለበትም። በ2005 የካው መሥሪያ ቤታችን ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ዘር ላይ ስምምነት ተፈራረመ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አወጣ። ኢትዮጵያ የጠበቀችው ጥቅም ሳይመጣ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ቀጠለ። እንጀራ ሲጋግር የኖረ ሕዝብ ስለ ጤፍ ዱቄት በሕግ ሌላ ባለቤት ተገኘበት ማለት ነው። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት፣ በሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች መካከል በተነሳ ክርክር፣ የአገሩን ፓተንት ውድቅ አደረገው። ምክንያቱ አጭር ነበር፤ የፈጠራ ይዘት የለውም።

የብራካ ፓተንት በ2013፣ የጤፉ በ2018 ወደቁ። ሁለቱም ላይ ለዓመታት ዋጋውን ሲከፍሉ የኖሩት ጂኑን ወይም ዘሩን ተሸክመው የኖሩት ሰዎች ናቸው።

ከማን ጋር ነው የሚያነጻጽሩን?

አሁን ወደ እኔ ሙያ የሚቀርበው ክፍል ላይ ደረስን። ላቦራቶሪ የአንድን ሰው ዲኤንኤ ካነበበ በኋላ የሚያደርገው ነገር “ዲፍ” ነው፤ ከአንድ ማመሳከሪያ ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል ማነጻጸር። ልዩነት ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ “ይህ ልዩነት ጎጂ ነው ወይስ እንዲሁ የሰፈር ልማድ?” የሚል ነው። ያን የሚመልሰው ከዚህ በፊት ከተመረመሩ ሰዎች የተጠራቀመ ዳታ ነው።

ማመሳከሪያው የማን ነው? በመጋቢት 1997 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባፋሎ በምትባል ከተማ ጋዜጣ ላይ ደም ለሚሰጡ ፈቃደኞች ማስታወቂያ ወጣ። ከመጡት ውስጥ የአንድ ስሙ ያልተገለጸ ሰው ዲኤንኤ የማመሳከሪያውን 70 በመቶ ገደማ ይዟል። በ2023 የ47 ሰዎችን ጂኖም ያጣመረ ሰፋ ያለ ማመሳከሪያ ቀረበ። መጠራቀሚያው ዳታ ግን አሁንም ያዘነበለ ነው። በ2019 በወጣ ግምገማ መሠረት፣ በሽታን ከጂን ጋር በሚያገናኙ ሰፋፊ ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 78 በመቶው አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ የአፍሪካውያን ድርሻ 2 በመቶ ገደማ ነበር።

ውጤቱ ተግባራዊ ነው። አፍሪካዊት ሴት ስትመረመር “ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ” የሚል መልስ የማግኘት ዕድሏ ከአውሮፓዊቷ ይበልጣል። ኮድ የምትጽፉ፣ “ዋርኒንግ” ማለት ነው። “ኤረር” አይደለም፣ “ፓስ”ም አይደለም። እስቲ አንዲት የኮተቤ እናት የብዙ ወር ደመወዝ ከፍላ፣ ደሟ ባሕር ተሻግሮ፣ ከሳምንታት በኋላ “አንድ ነገር አግኝተናል፣ ምን እንደሆነ ግን አናውቅም” ሲባሉ አስቡት።

“የሌሎች አፍሪካውያን ዳታ ይበቃናል” ማለትም አያስኬድም። ሉካ ፓጋኒ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለና ባልደረቦቻቸው በ2012 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያውያን ጂኖም በቋንቋ ቤተሰብ ጭምር የሚለያይ፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከውጭ የገባ ቅልቅልም ያለበት እንደሆነ አሳይተዋል። በካንሰሩም ልዩነቱ ይታያል። “ሦስት ጊዜ ኔጌቲቭ” የሚባለው፣ ለሆርሞን ሕክምና የማይታዘዘውና ከብራካ 1 ጋር የሚዛመደው የጡት ካንሰር ዓይነት በጋና ታማሚዎች ከግማሽ በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ በዚያው ጥናት በኢትዮጵያውያን 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የተቀራረበ። “የአፍሪካ ካንሰር” የሚባል አንድ ነገር የለም።

ልክ እንደ ገብሱ ነው። አንድ ወጥ አይደለንም፤ ስለዚህ ያልተዘራ፣ ያልታየ ናሙና ሁሉ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ከእንጦጦ የተገኘ ትምህርት

እውነቱን እንነጋገር። ከእንጦጦ ጫፍ እንጨት ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ የምትወርድ ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ብታገኝ ብራካ መመርመር የመጀመሪያ ችግሯ አይደለም። አገሪቱ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የነበራት የጨረር ሕክምና ማዕከል በ1997 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተከፈተው አንዱ ብቻ ነበር። ከመቶ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የተጀመረው በ2011 ነው፤ እሱም ያሳየን በካንሰር ከሚያዙት የከተማዋ ሴቶች ሲሶ ገደማው የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እብጠቱ ትልቅ ከሆነ በኋላ ነው። በ40ዎቹ መጀመሪያ ያሉ፣ ከዚያም በታች የሆኑ ታማሚዎች በርካታ ናቸው። ይህን ሰምቶ “ወጣት ስለሆኑ በዘር ነው” የሚል ሰው አለ፤ ግን አብዛኛው ሕዝባችን ራሱ ወጣት ነው፣ ስለዚህ የታማሚዎቹ ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

“ታዲያ ሕክምናው በሌለበት ምርመራው ምን ይሠራል?” የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ይህን ጥያቄ ግን አንድ ጊዜ ተፈትነንበታል፤ መልሱም እዚሁ እንጦጦ ላይ ተጽፏል።

ኤችአይቪ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ታወቀ። ለሃያ ዓመት ያህል ምርመራ ማለት ለብዙ ሰው የሞት ፍርድ መስማት ነበር። “ባውቀው ምን አደርገዋለሁ?” ይባል ነበር፤ ትክክልም ነበር። በእንጦጦ ማርያምና በአካባቢው ጸበል ዙሪያ ከየአገሩ የመጡ ታማሚዎች ቤት እየተከራዩ ይኖሩ ነበር። በጥር 2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ነው ነገሩ የተገለበጠው፤ ማወቅ ትርጉም ያገኘው ያኔ ነው። ያም ሆኖ ጸበልተኛው “መድኃኒት ከወሰድኩ እምነቴን አጎደልኩ” ብሎ ፈርቶ ነበርና፣ በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ ብለው በግልጽ ተናገሩ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ምርመራ ከመፍትሔ ጋር ካልመጣ ሰው አይመጣም፣ ቢመጣም ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ምክር አገልግሎት ምርመራው ውስጥ መካተት አለበት። አገራችን “ከመመርመርዎ በፊት ቁጭ ብለን እንነጋገር” የሚሉ አማካሪዎችን በየጤና ጣቢያው አሰልጥና አስቀምጣለች፤ የዘረ መል ምክር የሚባለው ሙያ ከዚያ ልምድ ላይ መነሳት ይችላል። ሦስተኛ፣ ሰው የሚያምነው ሰው መናገር አለበት።

መፍትሔውስ አለ ወይ? ከምናስበው በላይ አለ። ጂኑን የተሸከመች ሴት ሀብታም አገር ውስጥ በየዓመቱ ኤምአርአይ ትነሳለች፤ ይህ እኛ ጋ ውድ ነው። በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ የጸደቀው ኦላፓሪብ የሚባለው መድኃኒት፣ ጠጋኝ ያጣውን የካንሰር ሴል ሁለተኛውን የጥገና መንገድ ዘግቶ የሚገድለው፣ የባሰ ውድ ነው። ወልዳ ከጨረሰች በኋላ፣ ከ35 እስከ 45 ባለው ዕድሜ፣ ኦቫሪዋን ማስወገድ ግን የኦቫሪ ካንሰርን አደጋ እጅግ የሚቀንስ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የማኅፀን ሐኪሞቻችንም የማያውቁት ሥራ አይደለም። ያለጊዜው የወር አበባ መቋረጥን ስለሚያስከትል ቀላል ውሳኔ አይደለም፣ ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ምርመራውም በሁሉም ሰው ላይ መጀመር የለበትም። በወጣትነቷ የታመመች፣ ወይም የኦቫሪ ካንሰር የያዛት አንዲት ሴት ሙሉ ጂኑ ይነበብላታል፤ ውዱ እሱ ነው። የተበላሸው ፊደል ከታወቀ በኋላ እህቶቿን፣ ወንድሞቿንና ልጆቿን ለመመርመር ያቺን አንዲት ቦታ ብቻ ማየት ይበቃል። ይህ ደግሞ በ2020 ስሙን ሁላችንም በለመድነው በፒሲአር ዓይነት ማሽን የሚሠራ ነው፤ የኮቪድ ታማሚዎች የካ ኮተቤ ሆስፒታል ሲተኙ በነበረበት ጊዜ አገሪቱ የፒሲአር ላቦራቶሪዎቿን አብዝታ ነበር። ማሽንና የሰለጠነ እጅ ከዜሮ አንጀምርም።

ሰባት ቤት፣ እንደገና

ያዙልኝ ያልኩት ነገር ይኸው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ብራካ ተገኘ እንበል። እህቶቿ ለጋብቻ ሲታሰቡ ሽማግሌ ይጠይቃል። “በዘራቸው አለ” የሚለው ወሬ አሁን የላቦራቶሪ ማህተም አርፎበታል። የሕክምና መረጃ ሾልኮ የሚወጣው በሐከር ብቻ አይደለም፤ በካርድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ በተረሳ ፋይልም ይወጣል። ለገብስና ለጤፍ ጂን መጠቀሚያ የሚሆን አዋጅ፣ ቁጥር 482፣ በ1998 ዓ.ም. ወጣ። የሰውን የግል ዳታ ጠቅለል አድርጎ የሚጠብቅ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የመጣው በ2016 ዓ.ም. ነው። ከገብሱ አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይተን ነው ጥበቃ ያገኘነው። አዋጅ ደግሞ በወረቀት ላይ ያለ ኮድ ነው፤ ካልተተገበረ ምንም አይሠራም። የእኛ ዕድሜ ሶፍትዌር ሠሪዎች የሆስፒታል ሲስተም ስንሠራ ማን ምን ማየት እንደሚችል የምንጽፋት መስመር የአንዲት ልጅን ትዳር የምትወስን ልትሆን ትችላለች።

ግን ሰባት ቤት መቁጠር ለማጥላላት ብቻ የተፈጠረ ነገር አይደለም፤ ለመጠበቅም ይሆናል። ዋርቲን የዚያችን ልብስ ሰፊ ቤተሰብ የመዘገበው ምንም ማሽን ሳይኖረው ነው። ዶክተር መላኩ ዘር ሲሰበስቡም የመጀመሪያው ሥራ ገበሬውን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነበር፦ ይህ ከየት መጣ፣ ማን ሰጠህ፣ ምንን ይቋቋማል?

ይህን ዓይነት ጥያቄ እናንተም ቤት መጠየቅ ይቻላል፣ ዋጋውም ቡና ማፍላት ነው። አያታችሁ በምን ሞተች? “በጡቷ ታማ” ወይስ “ሆዷ አብጦ”? ሁለተኛው የኦቫሪ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ማንም በስሙ ሳይጠራው። ስንት ዓመቷ ነበር? እህቶቿስ? የአባታችሁንም ወገን ጠይቁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ብራካ በእናት ብቻ አይወረስም። ጂኑን የተሸከመ አባት ምንም ሳይታመም ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ ሃምሳ በመቶ ዕድል ያስተላልፋል። ስለዚህ አክስታችሁ ስትሉ የአባታችሁን እህት ማለታችሁ ከሆነ፣ እሷም ትቆጠራለች።

የሰማችሁትን በወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ስም፣ የታመሙበት ዕድሜ፣ ሕመሙ። ከ50 ዓመታቸው በፊት በጡት ካንሰር የተያዙ ሁለት ሰዎች በአንድ ወገን ካገኛችሁ፣ ወይም አንዲት የኦቫሪ ካንሰር፣ ወይም ጡቱን የታመመ ወንድ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጡታችሁ ላይ አዲስ እብጠት ካለ ደግሞ ወረቀቱንም ሳትጠብቁ ነገውኑ ሂዱ።